ግማሽ ዋንዛ፣ ግማሽ ቱቦላሬ

እኛ አገር የማይታረቅ ነገር የለም። ባልና ሚስት ይታረቃሉ፤ በአጥር የተጣሉ ጎረቤታሞች ይታረቃሉ፤ ደም የተቃቡ እንኳ ቀን ጠብቀው ይታረቃሉ። ይህን የማነሳው በክፉ አይደለም። ብዙ ዓመት ዜና ስሠራ፣ ፍርድ ቤት ካበረዳቸው ጠቦች ዛፍ ሥር የበረዱት እንደሚበልጡ አይቻለሁ። ችግር የሚመጣው ሽምግልናው ሰውን አልፎ ወደ እንጨት ሲሻገር ነው።

ጎረቤቴ አቶ ታሪኩ ኑሯቸው ዲላ ይሁን እንጂ እንጀራቸው አባያ ሐይቅ ላይ ነው። ሰውና ሙዝ የምታሻግር አንዲት ያረጀች የፋይበር ግላስ ጀልባ አለቻቸው። በቅርቡ ወለሏ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ ይሰረጉድ ጀመር። በአይሱዙ አስጭነው ግቢያቸው አስገቧት። ወለሉ ተቀዶ ሲታይ፣ ጀልባዋን ከፊት እስከ ኋላ የሚሸከሟት ሁለት እንጨቶች በጣት የሚዛቁ ሆነው ተገኙ። ከላይ ፋይበሩ እንዳማረበት ነው፤ ውስጡ ግን የተቀቀለ ድንች። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት እናንተም ሳታውቁ አትቀሩም።

አቶ ታሪኩ ጊዜ አልነበራቸውም። ሐይቁ ላይ አዲስ ጀልባ መጥቷል። ደንበኛ ሁለት ሳምንት ይታገሣል፤ በሦስተኛው ሌላ ጀልባ ይለምዳል።

አናጺው ጋሽ በቀለ እንጨቶቹ በዋንዛ ይተኩ አሉ። በያጁ ሙላቱ ደግሞ በቱቦላሬ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ።

"ብረት የሚዋኘው የት አገር ነው?" አሉ ጋሽ በቀለ።

"እንጨቱስ መች ዋኘ ጋሼ? በስብሶ አይደል እዚህ የመጣው?"

ሁለቱም መሣሪያቸውን ሰብስበው ሄዱ። አራት ቀን ባዶውን አለፈ።

ያኔ ሽማግሌ ተሰየመ። ሦስት ነበርን፦ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ እኔ። እኔን የመረጡኝ ጋዜጠኛ ሁሉን ያውቃል ብለው ነው። አላውቅም፤ መጠየቅ ግን አውቃለሁ። አርባ ምንጭ ጀልባ ለሚጠግን ሰው ደወልኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ በደንብ የደረቀ እንጨት፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት፣ አንድ ክብደት። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ሽምግልናው ግማሽ ቀን ፈጀ። ስለ ጀልባዋ የተነሣው ጥቂት ነው። የቀረው፣ ጋሽ በቀለ ለሙላቱ ሠርግ ዳስ ስለ መጣላቸው፣ ሙላቱም የጋሽ በቀለን የግቢ በር በዝናብ መሐል ስለ መበየዱ ነበር። እንባ ያቀረረም ነበር። በመጨረሻ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ እንድትንጠለጠል ይባላል። በግራ ዋንዛ፣ በቀኝ ቱቦላሬ ይሁን።"

ጋሽ በቀለ ተነሥተው ሙላቱን ሳሙት። እኔ ደብተሬን ገልጬ "የአርባ ምንጩ ሰው ግን..." ማለት ስጀምር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ተው እንጂ ልጄ፤ አሁን ገና ነው የታረቁት።"

ደብተሬን ዘጋሁ። ጸሎት ተደረገ። አሜን ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።

ጀልባዋ በቀጠሮዋ ደረሰች። ሐይቁ ላይ ስትወርድ፣ ትራስ እንዳገኘ ሰው ወደ ቀኝ ጋደም አለች። አናጺውና በያጁ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ተመለከቷት። ሥራው የሁለቱም ስለሆነ ወቃሽም ተወቃሽም ጠፋ። እኛ ሽማግሌዎቹ እዚያው ዳርቻው ላይ ዳግም ተቀመጥንና ወሰንን፦ ሙዙ በግራ ይጫን፤ ወፈር ያለ ተሳፋሪም በግራ ይቀመጥ።

እውነቱን ለመናገር አቶ ታሪኩ አንድም ደንበኛ አላጡም። አዲሱ ጀልባ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የእሳቸው ተሳፋሪ ግን በአቀማመጡ ሲቀላለድ ሐይቁ ያልቅለታል። ባለፈው ሳምንት እኔም ተሳፈርኩ። አቶ ታሪኩ ከራስ ጠጕሬ እስከ እግሬ፣ በተለይም መሐል ላይ ቆም ብለው፣ አዩኝና በትሕትና እጃቸውን ዘረጉ።

"ጋሼ፣ እርስዎ በግራ በኩል።"

ይግባኝ አላልኩም። ውሳኔው ላይ ነበርኩበት።