ሪባኑና ሣሩ

በእኛ አገር ባለሥልጣን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሙያ አንድ ብቻ ነው... ሪባን መቁረጥ! አትከራከሩኝ፤ አፍንጫዬ ምስክር ነው።

ለከተማችን ከእኔ ቤት በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ተሠራላት። የየቤቱ እጣቢና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ መጀመሪያ ገንዳ ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ ሣር በተተከለበት ጠጠር ውስጥ አልፎ በጓሮዬ ቦይ ይወርዳል። የምረቃው ዕለት ኃላፊው ሪባኑን ቆረጡ፣ ባለሙያው ግማሹን በእንግሊዝኛ አብራራ፣ እኛም አጨበጨብን። ሥጋ ነበረዋ!

ሣሩ ታዲያ ማደጉ! ሰው ይውጣል። የመንዝ ሰው ደግሞ የሣር ሕግ ያውቃል፤ እንደ ጓሳ፣ እንደ ጋራ የሣር መሬታችን፣ ይከለከላል፣ ይጠበቃል፣ ሲደርስ ለአጨዳ ይከፈታል። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ደምሴ በግ ሳያስጠጉ ከረሙና "በሉ ደርሷል፣ ውሰዱ!" አሉ። ጠጠሩ ላላ ያለ ነው፤ ማጭድ ሳያስፈልገን ከነሥሩ መዘዝነው። እኔማ ማን ቀድሞኝ! እሑድ የልጄ ክርስትና ነው፤ አማቴ ከራቤል ይመጣሉ። "ልጄን የት ጥሎ እንደሚያኖራት አይቼ እፈርዳለሁ" ብለዋል አሉ። የእንግዳ ጎጆዬን በዚያው ሣር አስከደንኩላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ቦዩ ሸተተ። እንዴት እንደሸተተ... ቁርስ ላይ ከሆናችሁ ልተወው። ወደ ማጣሪያው ቢሮ በረርኩ።

"ሣሩን ማን ነቀለው?" ብሎ ባለሙያው ጮኸብኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

"ደርሶ ነዋ!"

"ቆሻሻውን የሚያጣራው እኮ የሣሩ ሥር ነው!"

"ታዲያ አትነግሩንም?"

"በምረቃው ላይ አብራርተናል!"

እሑድ አማቴ ጎጆዬ ገብተው ገና ሳይቀመጡ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አደረጉ።

"ስማ አንተ! ልጄን የዳርኩልህ ሽንት ቤት ውስጥ እንድታኖራት ነው? እሷንም የልጅ ልጄንም ይዤ እመለሳለሁ!"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይባስ ብሎ እኚያ ሪባን ቆራጭ ኃላፊ ተጋብዘው ኖሮ ከች አሉ። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

"ወይ ክዳን! ሣሩን ከየት አገኘኸው?"

"እርስዎ ከመረቁት ማጣሪያ" አልኳቸው፤ ጥርሴን ነክሼ።

ያፍራሉ ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል? ፊታቸው ፈካ!

"በጣም ጥሩ! ይሄ ተሞክሮ ተቀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች መስፋፋት አለበት!"

ሚስቴና ልጄ ይኸው ራቤል ናቸው። እኔም ከቦዩ ጋር ቁጭ ብዬ ተሞክሮው እስኪቀመር እጠብቃለሁ።