አራቱ የጋሼ ዴዝመንድ አያቶች

ጋሼ ዴዝመንድ በየማለዳው ከስድስተኛ ፎቅ በደረጃ ሲወርዱ የብረቱን መደገፊያ በማንኪያ እየመቱ ነው። ኮሊንግዉድ በሚባለው የፈረንጅ አገር ሰፈር ካሉት የመንግሥት ፎቆች አንድ ጉደኛ የሌለው የለም። አንዱ ፎቅ ፖለቲከኛ ይደርሰዋል፣ ሌላው መኪና ፈቶ የማይገጥም መካኒክ። ለዚህኛው የደረሰው የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲ ነው።

"የአራተኛ ፎቅ ብረት ዛሬ ድምፁ ወርዷል" ይላሉ፣ በሽተኛ እንደመረመረ ሐኪም አዝነው።

"ጋሼ" የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው ጎረቤታቸው ተረፈች ናት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ። ሊፍቱ የተበላሸ ቀን አብራቸው ስትወርድ ሀበሻ መስለዋት "ከየት ነዎት?" አለቻቸው። ትሪኒዳድ ነው የተወለዱት። የአባታቸው አባት ሕንዳዊ፣ የአባታቸው እናት ቻይናዊት፣ የእናታቸው ወገኖች ደግሞ በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱ ናቸው። መልሱ ምድር ቤት ደርሰውም አላለቀም፤ ወደ ሥራ የምትሄድበት ትራም አመለጣት።

"አራቱ አያቶቼ ዜማዬ ውስጥ ይጣሉብኛል። የኔ ሥራ ማስታረቅ ነው።"

"ታርቀው ያውቃሉ?"

"ዝም ሲሉ ብቻ። ዝምታም ሙዚቃ ነው፣ ተረፈች።"

ይህን ፍሪጅ ጸጥ ሲልም፣ ትራም ሲቆምም ይሉታል።

አንዱን ድርሰት አሥራ አንድ ዓመት ጻፉት። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አንድ የሙዚቃ ቡድን ሊያቀርበውና ሊቀዳው ተስማማ፤ ቅጂው ካማረ በሌሎች ከተሞችም ይሰማል። ካላማረ ሌላ ጠያቂ የለም።

ድርሰቱ የቀረበ ዕለት ተረፈች ከልጇ ከብስራት ጋር የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቫዮሊኑና ከበሮው ሲነታረኩ ቆይተው በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ማንም አላጨበጨበም። ተረፈች ግራ ቀኙን አየች። አሥራ አንድ ዓመት ለደከመ ሰው አንድ እጅ እንኳ ይጥፋ? ለእሳቸው አፈረች። ብድግ አለችና እልልታዋን አቀለጠችው።

"ማም፣ ኖ!" ብስራት ቀሚሷን ሳበቻት።

ጸጥታው ለካ አያቶቹ የታረቁበት ሃያ ሰከንድ ነበር። ማይክራፎኑ ሁሉንም ቀዳ።

ሦስት ቀን የማንኪያው ድምፅ አልተሰማም። ተረፈች ሁለቴ ሥራ አረፈደች፤ ለካ ከማንኪያው ሌላ የሚቀሰቅሳት ሰዓት ኖሯት አያውቅም። ማታ ማታ ደግሞ በሯን ገርበብ አድርጋ ደረጃውን ታዳምጣለች። በአራተኛው ቀን በሯ ተንኳኳ። ጋሼ ዴዝመንድ የድርሰቱን ወረቀት ይዘው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ያለቀ መስሎኝ እኮ ነው! አፈር ልብላ።"

"ስምንት ሰከንድ ቀደምሽ" አሉ፣ እንደ ዳኛ። "ቦታሽ እዚህ ጋ ነው።"

"እልልታ ደግሞ በወረቀት ይጻፋል?"

"ጻፍኩት። ቅጂውን ስሰማው ያላንቺ ጎደለብኝ። ቡድኑ እንደገና ሊቀዳው ነው።"

ልምምዱ ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ነው። ተረፈች የዕለቱን ሺፍቷን ለባልደረባዋ ለዓለምጸሐይ ሰጥታለች።