ለባንክ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ሥራ መቀየር እድገት ነው ብሎ የሚመክራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ አስቀድማችሁ ቤት እንዳለው ጠይቁት። ካለው አትስሙት። ቤት የሌለው ሰው እንደ ባሕር ዛፍ ባለበት ተተክሎ ይኑር፤ ቢቆርጡትም እዚያው ያቆጥቁጥ። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

እዚህ ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። እንግዳ ተቀባይ ስላችሁ እንግዳ ነበረ ማለቴ አይደለም። ቱሪስት በጠፋባቸው ዓመታት የክፍል ቁልፎችን እያወረድኩ ስወለውል፣ መልሼ ስሰቅል ነው የከረምኩት። ደመወዙማ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። በመጨረሻ አንድ የውኃ ፕሮጀክት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ፈልጎ ተወዳደርኩና አለፍኩ። ደመወዙ እጥፍ! ያውም በየወሩ ሳያዛንፍ የሚገባ! ባለቤቴ ዘነቡ እልል አለች። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

ሁለት ወር እንደሠራሁ አከራያችን እትዬ ስንዱ ወልድያ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ፣ ዘጠኝ ዓመት የኖርንበትን ቤት ሊሸጡት ሆነ። ሁለቱም ልጆቻችን የተወለዱበት ቤት ነው። ዘነቡ በእጇ የተከለችው ጌሾ እንኳ አጥሩን አልፏል። እትዬ ስንዱ ደግ ሴት ናቸው፤ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ላንተ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ላገኘሁት ሰው ነው አሉኝ። ባለ እጥፍ ደመወዝ አይደለሁ? ወደ ባንክ ገሰገስኩ።

የብድር ክፍሉ ኃላፊ ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ፣ ከረባቱን አንገቱ እስኪሰረጉድ የሚያስር ሰው ነው። ደብዳቤዬን አነበበና በአዲሱ ሥራዎ ዓመት አልሞላዎትም፣ አስተማማኝ አይደሉም አለኝ። ሆቴሉ ውስጥ ብሆን ኖሮስ ብዬ ጠየቅኩት። ያኔማ ቋሚ ሠራተኛ ስለነበሩ በደስታ ነበር አለ። ስሙልኝ እንግዲህ! ደመወዝ የሚነሳኝ አስተማማኝ፣ የሚከፍለኝ አጠራጣሪ! ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ ወጣሁ።

ሌላ አገር ቢሆን ሰው አቤቱታ ይጽፋል። እኛ የላስታ ሰዎች ግን እምቢ ባለን ሰው ላይ ሽማግሌ እንልካለን። ሚስት ያገኘነው፣ ከጎረቤት የታረቅነው፣ የወሰን ጠብ ያበረድነው በሽማግሌ ነው፤ ባንክ ደግሞ ከማን ይበልጣል? የንስሐ አባቴን አባ ገብሬንና የጨርቅ ነጋዴውን ጋሽ ሰይድን ላክሁ። የዘነቡን አባት እሺ ያሰኙት እነሱ ናቸው።

ዘበኛው የወረፋ ቁጥር ሰጣቸው። ተራቸው ደርሶ ኃላፊው ተቀመጡ ቢላቸው፣ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ቆሙ። መመሪያው አይፈቅድም፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ ብሎ ሸኛቸው። እነሱ ግን ፊታቸው በርቶ ነው የመጡት። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የታለ? ጋሽ ሰይድማ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ "አብሽር ልጄ፣ ተመለሱ ካለ አልቋል" አሉኝ።

ተመለሱ። በሦስተኛው ጊዜ እንደ ሽምግልናው ሥርዓት ወደ ማሞገስ ገቡ። እኔን በአንድ ቃል ጨረሱኝ፤ ጨዋ ነው አሉና አለፉ። ከዚያ ቤቱን እንደ ሙሽራ ያወድሱት ጀመር። የድንጋይ ቤት መሆኑን፣ ካርታው እንከን እንደሌለው፣ ቧንቧ ሲጠፋ የጓሮው ጉድጓድ እንደማይነጥፍ፣ ሴትዮዋ ስለቸኮሉ በርካሽ እንደሚለቁት፣ ቀነ ቀጠሮው ፍልሰታ ፍቺ መሆኑን ሳይቀር ዘረዘሩለት። ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕር አንሥቶ ጻፈ። ልቡ ራርቷል፣ ሰፈሩን ሁሉ ጠይቆናል ብለው አበሰሩኝ። አይ ሽማግሌዎቼ!

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ሰውዬው ራሱ መጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ዘነቡ ዶሮዋን አቅርባ ፈረሰኛውን ለእሱ አወጣችለት። በልቶ ሲያበቃ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረ፣ ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። የብድር ግምት መስሎኝ እኔው ነኝ ሜትሩን የያዝኩለት። በማግስቱ ከእትዬ ስንዱ ጋር ተዋዋለ። እሳቸውማ ምን ያድርጉ? የሰጡኝን ቀን ጠብቀዋል፤ ሲሰናበቱን አለቀሱ። ዘነቡም አለቀሰች። እኔን ያቃጠለኝ ግን ሜትሩ ነው።

አላስችለኝ ብሎ ጠየቅኩት። ጌታዬ፣ እርስዎስ ላሊበላ ከመጡ ከእኔ አዲስ ሥራ ያነሰ ጊዜ አይደለም ወይ? በትዕግሥት አስረዳኝ። ዝውውር ሥራ መቀየር አይደለም፤ የባንክ ሠራተኛ ደግሞ የራሱ የብድር መመሪያ አለው። እሱ ባንኩ አጠገብ ተከራይቶ ይኖራል፤ እኛ ደግሞ የእሱ ተከራዮች ሆንን፣ ኪራዩም ወዲያው ጨመረ። አባ ገብሬና ጋሽ ሰይድ ኪራዩን እናስቀንስ ብለው ሲነሡ እግራቸው ላይ ወድቄ አስቀረኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ኪራይ ሊቀበል ሲመጣ ፊቱ ፈክቶ ነበር። እንኳን ደስ ያለዎት፣ በሥራዎ ዓመት ሞልቶዎታል፣ አሁን ብድሩ ይፈቀድልዎታል አለኝ። የምን ቤት ልግዛበት ብዬ ብጠይቀው ይህንኑ አለ፤ በገዛበት ላይ ግማሽ ጨምሮበት። ሻጩም አበዳሪውም አንድ ሰው ስለሆነ ጉዳዩ እንደማይጓተት አረጋገጠልኝ። ማመልከቻውን እንኳ ይዞልኝ መጥቷል።

በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር አለና፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ግን አደራዎን ሥራ እንዳይቀይሩ ብሎ መከረኝ።