ጭልፋ የሚያደላላቸው ሰው

በዓለም ላይ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ጭልፋ የሚያደላለትና ጭልፋ የሚያልፈው። ሀብታምና ድሃ፣ የተማረና ያልተማረ የሚባለው ክፍፍል ሁሉ ምግብ ቤት ተሰልፎ የማያውቅ ሰው ያወራው ወሬ ነው። የፈለጋችሁት ምግብ ቤት ግቡ፤ አንድ ሰው አለ። ገና ከበሩ ሲታይ የባለቤቷ ፊት ይፈካል፣ ድስቱ ከሥሩ ይማሰላል፣ ጥሩው ሥጋ ከተደበቀበት ብቅ ይላል። ከሱ ቀድማችሁ መጥታችሁ፣ ከሱ ይበልጥ ርቧችሁ፣ ምናልባትም ከሱ ይበልጥ ሆድ ብሷችሁ ሊሆን ይችላል። ጭልፋው ይህን ሁሉ አይጠይቅም።

የኛ ሰፈር፣ የሳንታ ቴሬ፣ ጭልፋ የሚያደላላቸው ሰው ክቡር ዶን ኤሊሂዮ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ሲሆኑ ሆዳቸው ከመሪ ጋር ሲታገል የኖረ ሆድ ነው። ድምፃቸው ከሳቸው ቀድሞ መንገድ ይሻገራል። የሸንኮራ ሻጩ ስማቸውን ያውቃል፣ የሸንኮራ ሻጩ ውሻም ያውቃቸዋል። እኔ ግን ከተማችን ጓዳላሃራ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ ጸጉሬ ሸሽቶ ካለቀ በኋላ እንኳ ምግብ ሻጭ ሁሉ የሚጠራኝ «ወጣቱ» እያለ ነው። እዚህ አገር «ወጣቱ» ማለት ስምህን አላውቀውም፣ ለማወቅም አልቸኩልም ማለት ነው።

በቆሎና የአሳማ ሥጋ አብረው የሚቀቀሉበትን ፖሶሌ የሚሸጡ እህትማማቾች አሉ። ለዶን ኤሊሂዮ የጉንጩን ሥጋ ለይተው፣ በሰሃን ከድነው፣ ሌላ ሰው ቢጠይቅ «አልቋል» እያሉ ያቆዩላቸዋል። ለኔ የሚደርሰኝ መረቅና አንድ አጥንት ነው፤ አጥንቱም ሌላ ሰው የጋጠው ይመስላል። በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስለውን የበቆሎ ሊጥ፣ ታማሌ፣ የሚሸጠው ሰው በብስክሌቱ ሲመጣ እሳቸው መስኮት ሥር ቆሞ ስማቸውን በዜማ ይጠራል። በኔ በር ሲያልፍ ደግሞ ፔዳሉን የሚረግጠው አበዳሪ እንዳየ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ቢሪያ የሚባለውን የፍየል ወጥ የሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ ሆን ብዬ ከኋላቸው ተሰለፍኩና «ለኔም እንደሳቸው» አልኩት። ቀና ሳይል «እንደሳቸው ያለው በሳቸው አለቀ» አለኝ። ቆሽቴ አረረ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ጉንጭ ሥጋ ግን ያስቀናል።

ይህን ሁሉ ልታገሰው እችል ነበር። ያልቻልኩት የዶኛ ኩካን ቤት ነው።

ዶኛ ኩካ «የሰጠመ ቶርታ» የሚባለውን የከተማችንን ሳንዱች የሚሸጡ ሴት ናቸው። ልቤ ሲሰበር፣ ጥርሴ ሲነቀል፣ የምደግፈው ቡድን ሲሸነፍ የምሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ቅርፊቱ የጠነከረው፣ ጎምዘዝ ጨው ጨው የሚለው የከተማችን ዳቦ ይሰነጠቃል፣ የተላቆጠ ቦሎቄ ይቀባል፣ በራሱ ስብ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ይጠቀጠቅበታል፣ ከዚያ ሙሉውን ስልስ ውስጥ ይነከራል። ዳቦው አይፈርስም፤ ሌላ ከተማ ቢጋገር ይፈርሳል እንላለን፣ ሄዶ የሞከረ ግን አላውቅም። የሚበላው በእጅ ነው። ሹካ የጠየቀ ሰው ከየት እንደመጣ ይጠየቃል።

ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት ድስት አለ፤ አንደኛው የቲማቲም ስልስ፣ ሁለተኛው የሚጥሚጣ እሳት። «ግማሽ» ያለ ሰው ዳቦው በቲማቲሙ ታጥቦ ከእሳቱ አንድ ጭልፋ ጣል ይደረግበታል። «ሙሉ» ያለ ሰው ዳቦው እሳቱ ውስጥ ተገልብጦ ይጠልቃል። እኔ ሆዴን ስለማውቀው ሁልጊዜ «ግማሽ» ነኝ። ዶኛ ኩካም ይህን ሁሉ ዓመት በየቅዳሜው «ግማሽ ነው ሙሉ፣ ወጣቱ?» ብለው እንደ አዲስ ይጠይቁኛል። እኔ «ግማሽ» ስል ክቡር ዶን ኤሊሂዮ ከጥጉ ወንበራቸው ላይ ሆነው «የሚሰጥም ሰው ግማሽ አይሰጥምም!» ይላሉ፤ ቤቱም ይስቃል።

እሳቸውን የሚጠይቃቸው የለም። ለሳቸው ሦስተኛ ድስት አለ፤ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ለብቻው። ዶኛ ኩካ ዳቦውን ይዘው መጋረጃውን ገልጠው ይገባሉ፣ ቀይ ስልስ የሚንጠባጠብ ሰሃን ይዘው ይወጣሉ። ያ ድስት ውስጥ ስላለው ነገር ሰፈሩ ብዙ ብሏል። ታክሲ ነጂው ታቾ፣ የቤቱ አፈ ጉባዔ፣ ሚጥሚጣው ከያዋሊካ ተራራ ተመርጦ እንደሚመጣና በላዩ ያለፈች ዝንብ ስትወድቅ በዓይኑ እንዳየ ይምላል። ዶን ኤሊሂዮ ያንን ጉድ ላብ እንኳ ሳይወጣቸው ጠርገው በልተው ጣታቸውን ይልሳሉ።

እኔ የምፈልገው ከዚያ ድስት አንድ ቀን እንዲጨለፍልኝ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። እንደምቃጠል አውቃለሁ፤ ግን ከመጋረጃው ጀርባ የሚጨለፍለት ሰው መሆን አማረኝ። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅሁ።

«እሱ ላንተ አይሆንም፣ ወጣቱ» አሉኝ ዶኛ ኩካ።

«ለምን?»

«አይሆንማ።»

ባለፈው ወር ያለችኝ አንዲት ልጄ አግብታ ሩቅ ከተማ፣ ቲሁዋና ገባች። ቤቱ ጭር አለብኝ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ ወንበርም አታሳየው ቢሉ ደግ ነበር። ያን ቅዳሜ ዶኛ ኩካ ዘንድ ስደርስ የጥጉ ወንበር ባዶ ነበረ። ሄድኩና ተቀመጥኩበት። ታቾ ማኘኩን አቆመ።

«ግማሽ ነው ሙሉ፣ ወጣቱ?» አሉ ዶኛ ኩካ ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ ሥጋ እየከተፉ።

«ሙሉ» አልኩ።

ይህን ጊዜ የዶን ኤሊሂዮ ድምፅ ከመንገድ ተሰማ፤ ከውሻው ጋር ሰላምታ ላይ ናቸው። ዶኛ ኩካ ድምፁን ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ሲወጡ ዓይናቸው መጥበሻው ላይ ነው፣ እጃቸው ግን መንገዱን ያውቃል፤ ሰሃኑን ወደ ጥጉ ወንበር ገፋ አደረጉት። ከፊቴ ቆመ። የኔን «ሙሉ» ደግሞ ከአጠገቤ ባለው ባዶ ቦታ አስቀመጡትና ወደ ሥጋቸው ዞሩ።

ዶን ኤሊሂዮ ገቡ። እኔን አዩ፣ ወንበሩን አዩ። እኔ ጠብ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጠብ ቢነሳ ደስ ይለኝ ነበር።

«ቁጭ በል፣ ምን ያስነሳሃል» አሉኝ ትከሻዬን መታ አድርገው። «ወንበር ነው እንጂ ዙፋን አይደል።» ከአጠገቤ ተቀመጡ። ደግነታቸው ከሁሉም በላይ አናደደኝ።

ሰሃኔን ወደ ደረቴ ሳብኩ። ይህን ሁሉ ዓመት የቀናሁበት ድስት እጄ ገባ። ለቃጠሎ ተዘጋጀሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጎረስኩ።

ቲማቲም ነው። ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ጣፋጭ ቲማቲም። ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን ቢሰጡት ሕፃኑ ይጨምሩልኝ ይላል። የሚጥሚጣ ሽታ እንኳ የለበትም።

ቀና ስል ዶን ኤሊሂዮ የኔን «ሙሉ» ጎርሰዋል። ፊታቸው ቀስ እያለ ቀለሙን ለወጠ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፣ በጆሯቸው ሥር ወረደ። ዓይናቸው ሰሃኔ ላይ ዐረፈ፣ ከዚያ ዓይኔ ላይ። ምስጢራቸውን ማወቄን አወቁ።

«ዶን ኤሊሂዮ፣ ዛሬ ምነው ላብ በላብ ሆኑ?» አለ ታቾ።

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ሰሃኔን ወደ ታቾ ገፋ አድርጌ «ቅመሰው እስቲ» ብል የድስቱ ተረት በዚያው ይቀበራል፤ ማታ ሳይደርስ ፖሶሌ ሻጮቹ ይሰማሉ፣ በማግስቱ የታማሌ ሻጩ ዜማውን ይለውጣል። ጭልፋ ለሳቸው ያደላበት ዘመን ያበቃል። አፌን ከፍቼም ነበር።

ዶን ኤሊሂዮ ግን አልለመኑኝም፣ አልጠቀሱኝም። ዳቦውን አነሡና ሁለተኛ ጎረሱ። ሁለተኛውን ሳይውጡ ሦስተኛውን። ሰውዬው ሊጨርሱት ነው። ሆዳቸውን ይዘው እዚያው ቢደፉም እስከ መጨረሻው ሊበሉት ነው። አንጀቴን በሉኝ።

ባንኮኒው ላይ ካለው የሽንኩርት ሰሃን ግማሽ ሎሚ አነሣሁና ጎንበስ ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በገዛ እጄ ዓይኔ ውስጥ ጨመቅሁት። እንባው ራሱ ወረደ፤ ጩኸቱም ውሸት አልነበረም።

«ይሄ የሰው ምግብ አይደለም!» አልኩ። «ዶኛ ኩካ የሳቸውን ነው የሰጡኝ! ዶን ኤሊሂዮ፣ በናትዎ ይለውጡልኝ፣ ሞትኩ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታቾ ባንኮኒውን እየደበደበ «ወንበር ሌላ፣ ሆድ ሌላ!» ይላል። ዶኛ ኩካ ዞር ብለው ሁለቱን ሰሃን አዩ፣ ክው ብለው ቀሩ፣ ከዚያ ቶሎ ቢላዋቸውን አነሡ። ዶን ኤሊሂዮ የቻሉትን ያህል ግርማ ሞገስ ሰብስበው፣ «አምጣው፤ ልጅ በምግብ አይቀጣም» አሉና ሰሃኑን ለወጡልኝ። ቲማቲሙን እንደ ውሃ ጠጡት ማለት ይቻላል።

የኔ መከራ የጀመረው ያኔ ነው። በሰፈሩ ዕውቀት አሁን ከፊቴ ያለው ቀላሉ ነው፤ ስለዚህ እፎይ እያልኩ መብላት አለብኝ። እሳት የጠጣውን ዳቦ ጎረስኩ። ምላሴ ጥሎኝ የሄደ መሰለኝ።

«አሁን ቀለለህ?» አለ ታቾ።

«እንደ ውሃ ነው» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። እስከ መጨረሻው ቁራሽ በላሁት።

ስወጣ ዶን ኤሊሂዮ ተከትለውኝ ወጡ። እስከ ገበያው ማዕዘን አብረን ሄድን፤ እሳቸው ሆዳቸውን፣ እኔ ከንፈሬን ይዘን። ሐኪም ሚጥሚጣ ከከለከላቸው ስድስት ዓመት እንደሆነው፣ ነገሩን የሚያውቁት ዶኛ ኩካ ብቻ እንደሆኑ፣ መጋረጃውን የሰቀሉላቸውም እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። ታዲያ ቲማቲም ብቻ ብለው ቢያዙ ምን ይሆናሉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ታቾ ፊት?» አሉ። ቆም ብለው ላባቸውን ጠረጉ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ስሜን የሚጠራኝ ባለድስት ብቻ ነው። የሚጠሩት ደግሞ ያንን የድሮውን ሰውዬ ነው። እሱን ካጡት እኔን ምን ያደርጉኛል?»

ሎሚ የነካውን ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

«ባንተ ግን እቀና ነበር» አሉኝ።

«በኔ?»

«ባንተ። በየቅዳሜው ያ ሁሉ ሰው እየሳቀብህ ቀና ብለህ ‹ግማሽ› ትላለህ። አንድ ቀን እንኳ አታፍርም። እኔ ከጥግ ሆኜ የምጮኽብህ ለምን ይመስልሃል? እንዳንተ ማለት አቅቶኝ ነው።»

እኒህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት እዚያ ማዕዘን ላይ፣ ከንፈሬ አብጦ፣ አንድ ዓይኔ ተጨፍኖ ነው። ልነግራቸውም አሰብኩ፤ በየቅዳሜው ያቺን ቃል ሳወጣ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ እንደነበር፣ አንድም ቀን ሳላፍር «ግማሽ» ብዬ እንደማላውቅ።

አልነገርኳቸውም። ሰው ሲቀናብኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።