የጋሽ ኑርዬ ሦስት ምስክሮች

ፎቶ ኮፒ ቤት ባለበት ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ወረቀት ላባዛ ብሎ ገብቶ ኮምፒውተሩን መርምሮ የሚወጣ። ሐይቅ ከተማ ላይ ይህ ማዕረግ የክቡር ጋሽ ኑርዬ ነው። የሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም የቀብር ዕድር፣ ዳኛ ስለሆኑ ከለቅሶ ማን እንደቀረ፣ ማን በልቶ እንደጠፋ አንድ በአንድ ያውቃሉ።

"ዛሬ ማን ምን በላ?" ይላሉ ገና ከደጃፉ።

የቤቱ ባለቤት ሳጂዳ ሥራዋን አቁማ፣ የትኛው ፕሮግራም ስንት ሜሞሪ እንደያዘ የሚያሳየውን ገጽ ትከፍትላቸዋለች። እሳቸው መነጽራቸውን አጥልቀው እንደ ቅሬ አባል ስም ይጠራሉ። የኢንተርኔት መክፈቻውን አይወዱትም። "ይኼ ድግስ ላይ እንጂ ቀብር ላይ አይታይም" ይሉታል። አንድ ጊዜ ማተሚያውን የሚያዘውን ፕሮግራም "ተቀምጦ የሚበላ" ብለው ፈርደው አዘጉትና ሳጂዳ እስከ ዙህር ሰላት አንድ ወረቀት ሳታትም ዋለች።

ቀጥለው ደግሞ በአንድ ምስክር አልፈርድም አሉ። ኮምፒውተሩ የሚናገረውን የሚያጣራ ሌላ የሜሞሪ ቆጣሪ አስጫኑ። ሁለቱ አልስማማ ሲሉ የሚያስታርቅ ሦስተኛ ተጨመረ።

የሳጂዳ ታናሽ እህት የኢንሳፍ የኮሌጅ ምዝገባ ሐሙስ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር። ካለፋት ዓመት ሙሉ መጠበቋ ነው። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ቅጹ ተሞልቶ ሳይላክ፣ ኮምፒውተሩ ድርቅ አለ። ጋሽ ኑርዬም ከተፍ አሉ።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ይተውኝ" አለች ሳጂዳ።

"አብሽሪ ልጄ። ገጹን ብቻ ክፈችው።"

ገጹ እየተንፏቀቀ ተከፈተ። ከሜሞሪው አብዛኛውን ይዘው ከላይ የተደረደሩት ሦስቱ ቆጣሪዎች ነበሩ። ጋሽ ኑርዬ ሁለት ጊዜ አነበቡ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ወላሂ፣ የበሉት ምስክሮቹ ናቸው" አሉ። "የጠራኋቸውም እኔ ነኝ።"

ሦስቱንም በገዛ ጣታቸው ዘጉ። አራት ደቂቃ ሲቀረው ቅጹ ተላከ። ኢንሳፍ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ እሳቸው ግን ወረቀታቸውን እንኳ ሳያባዙ ወጡ።

ሦስት ቀን አልመጡም። ኮምፒውተሩ እየበረረ ይሠራል፣ ሥራዋን የሚያስቆማትም የለም። በአራተኛው ቀን ሳጂዳ ሳታስበው ያንን ገጽ ከፈተች። የምታስነብበው ሰው አልነበረም። ናፈቋት፤ ደወለችላቸው።

"ጋሼ፣ ተቀምጦ የሚበላ አንድ አግኝቻለሁ" ብላ ዋሸች። "የሚፈርድበት ጠፋ።"



"ምንም እንዳትነኪ" አሉ ጋሽ ኑርዬ። "ምስክር ይዤ መጣሁ።"