ዓይን የጨፈነ ይውጣ!

[ሳሎን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሁሉን አውቃለሁ ባይነቱ «ሊቁ» ያስባለው ባል መሰላል ላይ ቆሞ ግድግዳው ላይ ምስማር ይመታል። የሚስቱ ወንድም፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ የቤቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ሶፋው ላይ ትልቅ ባዶ የፎቶ ፍሬም ተጋድሟል።]

ሊቁ፦ ጣት ነው አልኩህ! ሰርዝ!

ጋጋሪው፦ የማን ጣት ነው ግን?

ሊቁ፦ የማንስ ቢሆን ምን አገባህ? ሌንስ የሸፈነ ጣት ፎቶ አይባልም።

ጋጋሪው፦ ቀለበት አለው እኮ። የእህቴ ይመስለኛል።

ሊቁ፦ አቦ አታድርቀኝ! ሕጉ ምንድን ነው ያልኩህ? ጣት ያለበት ይውጣ፣ የደበዘዘ ይውጣ፣ ዓይን የጨፈነ ይውጣ! ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ስለፈልፍ ዋልኩ።

ጋጋሪው፦ እሺ፣ ተጫንኩት። አንተ ራስህ መጥተህ ብታየው አይሻልም?

ሊቁ፦ እኔ አስባለሁ፣ አንተ ትጫናለህ። ትልልቅ መሥሪያ ቤት እንደዚህ ነው የሚሠራው። ይልቅ ኮምፒውተሩን ስማው፣ እንዴት ቀለል እንዳለው! ድምፁ ራሱ ተቀይሯል።

ጋጋሪው፦ [ጆሮውን አስጠግቶ] እኔ ያው ነው የሚመስለኝ።

ሊቁ፦ አንተ ከሊጥ በቀር ምን ታውቃለህ! እፎይ እያለ እኮ ነው! ስድስት ሺህ ፎቶ ተሸክሞ ሲያቃስት የኖረ ማሽን!

ጋጋሪው፦ ዝም ብለን የእህቴን ፎቶ አሳጥበን ብንሰቅልስ?

ሊቁ፦ መጀመሪያ ጽዳት፣ ከዚያ ምርጫ! ሥርዓት አለው። ባለፈው ሳምንት ምን አለችኝ መሰለህ? «አሥራ ስድስት ዓመት በኖርኩበት ቤት ግድግዳው ላይ የለሁም» አለችኝ። አንጀቴን ነው የበላችው።

ጋጋሪው፦ እውነቷን ነው። የአንተ አራት አለ።

ሊቁ፦ ሦስት ነው! አንዱ የመኪናው ነው።

ጋጋሪው፦ መኪናው ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ።

ሊቁ፦ ለማንኛውም! ዛሬ ነርስ ከሆነች ድፍን ሃያ ዓመቷ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረቦቿን አስከትላ ትመጣለች። በሩን ስትከፍት እዚህች ጋ፣ ፊት ለፊት፣ ራሷን ታያለች። ፎቶ ቤቱ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። በል አሁን በጣም ያማረባትን አውጣልኝ።

ጋጋሪው፦ የማንን?

ሊቁ፦ የእህትህን ነዋ!

ጋጋሪው፦ የእህቴንማ ሰርዝ ብለኸኛል።

ሊቁ፦ የትኛውን?

ጋጋሪው፦ ሁሉንም። ዓይን የጨፈነ ይውጣ አላልክም? እሷ ካሜራ ካየች ትጨፍናለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። መታወቂያዋ ላይ ራሱ የተኛች ነው የምትመስለው።

[የሊቁ መዶሻ ይወድቃል። እሱም ከመሰላሉ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ።]

ሊቁ፦ ዓይኗን የገለጠችበት አንድም የለም?

ጋጋሪው፦ አንድ ነበረ።

ሊቁ፦ ተመስገን!

ጋጋሪው፦ እሱ ደብዝዟል። ሰርዝ አልከኝ።

ሊቁ፦ ወይኔ ጉዴ! የሠርጋችንስ?

ጋጋሪው፦ ጨፍናለች።

ሊቁ፦ ልጃችን የተወለደች ዕለትስ?

ጋጋሪው፦ የዚያን ቀን ሦስታችሁም ጨፍናችኋል። ሕፃኗ ተኝታ፣ እህቴ ደክሟት፣ አንተ ደግሞ ራስህን ስተህ።

ሊቁ፦ እና ዝም ብለህ ትጫናለህ? እህትህ አይደለችም እንዴ?

ጋጋሪው፦ «እኔ አስባለሁ» አልከኝ። እየታሰበልኝ መስሎኝ ነዋ።

ሊቁ፦ [ሶፋው ላይ፣ ፍሬሙ አጠገብ ዘጭ ይላል] አለቀልኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷን በአንድ ቀን ጠራርጌ ጣልኩት! [ብድግ ብሎ] ቆይ ቆይ! ምን ነክቶኛል? እኔ እኮ መጠባበቂያ አለኝ! [ከኪሱ ፍላሽ ያወጣል] በዚህ ቤት ውስጥ ውድ የሆነውን ነገር ሁሉ ባለፈው ወር ከኮምፒውተሩ አንስቼ እዚህ አዛውሬዋለሁ። ሰካው!

ጋጋሪው፦ [ይሰካል] «ውድ ውድ» የሚል ፎልደር አለ።

ሊቁ፦ እሱ ነው! ክፈተው!

ጋጋሪው፦ አንተ፣ ፀጉር ቤት። አንተ፣ በር ላይ። አንተ፣ በመነጽር። አንተ፣ ያለ መነጽር። አንተ... ውይ፣ ሸሚዝ የለህም።

ሊቁ፦ እሱን እለፈው!

ጋጋሪው፦ እሷም አለች! አይ፣ ክርኗ ብቻ ነው።

ሊቁ፦ ክርኗ?

ጋጋሪው፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት አንተ፣ አንድ ክርን።

ሊቁ፦ ክርኑን... አሳድገን ብንሰቅለውስ?

ጋጋሪው፦ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት?

ሊቁ፦ [ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ] አፈርኩ፣ ወንድሜ። በጣም ነው ያፈርኩት። «ውድ ውድ» ብዬ ስለቅም እሷ ትዝ አላለችኝም። አሁን በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት?

ጋጋሪው፦ ኮምፒውተሩ ግን ጨዋ ነው። በሰረዝኩ ቁጥር ይጠይቀኝ ነበር።

ሊቁ፦ ምን ብሎ?

ጋጋሪው፦ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ።

ሊቁ፦ እየው! ማሽን እንኳ ራርቶላታል! አንተ ጨካኝ ግን አዎ፣ አዎ፣ አዎ እያልክ...

ጋጋሪው፦ ኧረ እኔ አዎ አላልኩም!

ሊቁ፦ ምን አልክ ታዲያ?

ጋጋሪው፦ «አይ» የሚለውን ነዋ የምነካው። ምን ቆርጦኝ ነው የምዋሸው? እኔ በኮምፒውተር ነገር መቼ እርግጠኛ ሆኜ አውቃለሁ?

ሊቁ፦ ስንቱ ላይ ነው «አይ» ያልከው?

ጋጋሪው፦ ሁሉም ላይ። ጣቱም አለ።

[ሊቁ ስክሪኑ ላይ ይደፋል። ከዚያ እየዘለለ ሳሎኑን ሁለቴ ይዞራል።]

ሊቁ፦ አለች! ሠርጋችንም አለ! አንድም አልጠፋ! አንተ ጅል! አንተ የተባረክ ጅል! ግንባርህን አምጣ! [ይስመዋል]

ጋጋሪው፦ ታዲያ ቀለል አለው፣ እፎይ አለ ያልከኝ ምኑ ነው?

ሊቁ፦ እሱን ተወው አሁን! ፎቶ ምረጥ!

ጋጋሪው፦ ይቺ ትሁን። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ከት ብላ ስትስቅ። ሳቁ ነው ያስጨፈናት።

ሊቁ፦ [ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ያያል] እንዴት ታምራለች በናትህ! ዓይኗን ስጠብቅ ሳቋ አምልጦኝ ኖሯል። ይቺ ናት፣ በቃ! ፍላሹ ላይ ጫናትና ልሩጥ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው!

ጋጋሪው፦ አልገባ አለች። ፍላሹ ሞልቷል።

ሊቁ፦ በምን?

ጋጋሪው፦ በአንተ።

ሊቁ፦ እና አንድ ሁለቱን ቀንስላታ! ግን ተጠንቀቅ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሉም፣ ያሉኝ እነዚያው ብቻ ናቸው። ፀጉር ቤቱን እንዳትነካ። በመነጽሩንም። ያለ መነጽሩንም!

ጋጋሪው፦ ይህን ሁሉ ስንመርጥ ፎቶ ቤቱ ይዘጋል። [ፎልደሩን እንዳለ ይመርጥና አንዴ ይጫናል]

ሊቁ፦ ምን አደረግክ? ምን እያለ ነው?

ጋጋሪው፦ ያችኑ ጥያቄውን። «እርግጠኛ ነህ?» ይላል።

ሊቁ፦ አይደለሁም በለው! ወንድሜ፣ በሞቴ፣ «አይ» በለው!

ጋጋሪው፦ ውሸት አልወድም አልኩህ እኮ። [«አዎ» የሚለውን ይጫናል]