ባለ ሞተሩ ብስክሌትና እርጥቡ ባሕር ዛፍ

ሰው አርባ ዓመት ካለፈው ምኞቱ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። አትመኗቸው። ምኞት አይቀንስም፤ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞራል እንጂ። በሃያ ዓመቱ ወደፊት የሚገዛትን መኪና ሲመኝ የነበረ ሰው፣ አርባ አምስት ሲሞላው ድሮ በኪራይ የነዳትን ብስክሌት መመኘት ይጀምራል። መኪናዋ እንኳ ሌላው ቢቀር ገበያ ላይ አለች፤ ገንዘብ ያለው ይወስዳታል። ያቺ ብስክሌት ግን ከነዘመኗ ሄዳለች። ያም ሆኖ ሰው ነንና እንሞክራለን። እኔም ሞከርኩ። እንዴት እንደሞከርኩ ላጫውታችሁ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕጣው የወጣልን ዕለት ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ እልል ብሎልናል፤ እኛም በደስታ አልቅሰናል። ሲግናል ተወልጄ፣ ሲግናል አድጌ፣ እዚያው ሲግናል አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሚስት ያገባሁ ሰው ነኝና፣ የራሴ ቤት ቁልፍ ኪሴ ሲገባ ከዚህ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ነበር። ቤት አገኘሁ። ሰፈሬ ግን አብሮኝ አልመጣም።

ሥራዬ አሁንም እዚያው ሲግናል፣ አንዲት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት ተሰልፌ ወደ ትውልድ ሰፈሬ እሄዳለሁ፤ ሲመሽ ተሰልፌ ወደ ቁልፌ እመለሳለሁ። የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሚሠራ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ይፈለስፋል። ከፊቴ የሚሰለፈው ጎረቤቴ ከአባዶ እስከ መገናኛ በገመድ የሚንጠለጠል ባቡር ነድፎ ጨርሷል፤ የቀረው መንግሥት ሰምቶ መሥራት ብቻ ነው። እኔ የፈለሰፍኩት በልኬ ነው። ብስክሌት ላይ ሞተር።

እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ ግን ሰልፉ ሰበብ ነው፤ ምክንያቷ አስቴር ናት። አስቴር ዛሬ ባለቤቴ ናት፤ ያኔ ግን አብራኝ የምትዘምር ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ለጸሎት ወደ እንጦጦ ጫካ እንወጣለን። አንድ ቅዳሜ ከሲግናል ብስክሌት ተከራይቼ ሽቅቡን ሁሉ እየገፋሁ ወጣሁ። ስንመለስ «ላድርስሽ?» አልኳትና ከኋላዬ ተፈናጠጠች። ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ ይሸሻል፣ ነፋሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ፍሬኑ ደግሞ የኪራይ ፍሬን ነው። አስቴር ቀበቶዬን በሁለት እጇ ጨምድዳ «ኢየሱስ!» ትላለች፤ ትስቃለች፤ ደግሞ «ኢየሱስ!» ትላለች። ጫካው ውስጥ ግማሽ ቀን ከጸለየችው ቁልቁለቱ ላይ የጸለየችው ይበልጣል። ላገባት የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

አሁን እሷ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ተረኛ ነርስ ናት። እኔ ስወጣ እሷ ትገባለች፤ ደረጃው ላይ ተገናኝተን «ወጡ ምድጃው ላይ ነው» እንባባላለን። አልተጣላንም፤ ጠብ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ግን ያ ሳቅ ናፈቀኝ። ቤቴ ውስጥ ያለች ሚስቴ ናፈቀችኝ ብል ትስቁብኝ ይሆናል፤ ሳቁ። እኔ የፈለግሁት ሽቅቡን የሚያወጣን ሞተር ሠርቼ፣ አንዲት ቅዳሜ ብቻ፣ እንጦጦ አድርሻት በዚያ ቁልቁለት ይዣት መውረድ ነበር። በጉልበቴ እንዳላደርገው ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።

ለዚህ ዓላማ የሠርግ ሱፌን ሸጥኩ። አትዘኑልኝ፤ ሱፉና ሆዴ ከተለያዩ ቆይተዋል። በእሱም ኮተቤ ካለ አንድ ሰው አሮጌ ብስክሌት ገዛሁ፤ ጎማዋ የተጣፈ፣ ክብደቷ የወይፈን፣ ፍሬኗ በአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር ቢኖር ድምፅ እንዳለው ነበርና የቀረውን ከስልኬ ላይ ተማርኩ። አንድ የሩቅ አገር ወጣት በዐሥር ደቂቃ ቪዲዮ ሞተሩን ገጥሞ፣ እጁን ጠርጎ፣ እየነዳ ይሄዳል። በእኔ በኩል ዐሥሯ ደቂቃ አራት ወር ፈጀች። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ የፈታሁትን ቡሎን ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ ከትቼ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ለማወቅ ብቻ ሁለት ሳምንት በላሁ።

ሞተሩስ ከየት ይምጣ? የአዲሱን ዋጋ ጠይቄ ስሰማ፣ ባለሱቁን ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ኦቦ ቶሎሳ ይመጣሉ። ኦቦ ቶሎሳ የመኪና ማቆሚያችን ጥበቃ ናቸው። ጥበቃ ከመሆናቸው በፊት ግን ገበሬ ነበሩ፤ ኮንዶሚኒየሙ የቆመው እሳቸው ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ ነው። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን የትኛው ብሎክ እንደምኖር ጠየቁኝና ነገርኳቸው። በዓይናቸው ለካ ለካ አደረጉና «አሃ! አንተ የምትተኛው ነጭ ሽንኩርቴ ላይ ነው» አሉኝ። ቂም የለበትም፤ አድራሻዬን ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አልጋዬ ላይ ስወጣ ትንሽ ትንሽ አፍራለሁ።

ከጥበቃ ቤታቸው ጥግ በጆንያ የተሸፈነች አንዲት ትንሽ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበረቻቸው። ከወንዙ ውሃ እየሳበች ያን ነጭ ሽንኩርት ታጠጣ የነበረች ናት። አሁን የምታጠጣው የለም። እየፈራሁ ጠየቅኳቸው። ኦቦ ቶሎሳ የጆንያውን ጫፍ ይዘው ቆዩ። ከዚያ ጆንያውን ገለጡ፣ ሞተሯን በእጅጌያቸው ጠረጉና «ውሰድ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። ሰው ያለውን ቢሰጥ ንፉግ አይባልም» አሉኝ። ላመሰግናቸው ስጀምር «በል በሰላም ንዳባት» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ደስታ ዓይኔን ጋርዶት ስለነበር ለምን እንዳዞሩ አልጠየቅኩም። ይሉኝታችንን መቼም ታውቁታላችሁ። ሊለምነን የመጣን ሰው እምቢ ከምንል ጥርሳችንን ብናወልቅለት ይቀለናል።

ሁሉም ነገር አልቆ የቀረኝ ሞተሯን ከብስክሌቷ ጋር የሚያያይዝ ነገር ነበር። በያጁ ለብረቱ የጠራልኝ ዋጋ ከብስክሌቷ በለጠ፤ ሱፍ ደግሞ የነበረኝ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በእንጨት ላደርገው ወሰንኩ። ሁለት ወፍራም ጉማጅ ግራና ቀኝ፣ በመካከላቸው የብስክሌቷ ብረትና የሞተሯ እግር፣ በአራት ቡሎን ጥብቅ። የሲግናል ልጅ ደግሞ እንጨት ሲባል የሚያውቀው አንድ ነው፤ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ። አጣና የሚሸጠው ሰውዬ ሁለት ዓይነት አሳየኝ፤ አንዱ ከርሞ የደረቀ፣ ግራጫ፤ ሌላው ትናንት የተቆረጠ። የደረቀውን አሸተትኩት፤ ምንም። እርጥቡን አሸተትኩት፤ ያ የጥንቱ ቅዳሜ ከነነፋሱ ሁለመናዬን ሞላው። እርጥቡን ገዛሁ። ሞተር የሚሸከም እንጨት አሽትቶ የገዛ ሰው አለ ሲባል ከሰማችሁ እኔ ነኝ።

ኦቦ ቶሎሳ አንዱን ጉማጅ አንስተው በጥፍራቸው ጫር አደረጉት፤ ከዚያ ጥፍራቸውን አዩ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና «ሽታው ጥሩ ነው» ብለው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ እየመጡ ከሥራዬ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አይጠይቁኝም፣ አይረዱኝም፤ ሞተሯን ብቻ ያያሉ። ፈጠራ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ለአስቴር አወራሁላት።

ሞተሯ ተገጥማ የተነሳች ቀን ድምፁ የብሎኩን ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ አወጣው። ገሚሱ አጨበጨበ፣ ገሚሱ ለኮሚቴ እከሳለሁ አለ። ኦቦ ቶሎሳ ከጥበቃ ቤታቸው እየሮጡ መጥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። በእኔ ሥራ የኮሩ መስሎኝ እጃቸውን ጨብጬ አመሰገንኳቸው። ሞኝነቴን አያችሁልኝ?

በሳምንቱ አስቴር ዕረፍት የወጣችበት ቅዳሜ ደረሰ። ብስክሌቷን አየች፤ እኔን አየች።

«ዳኒ፣ ኢንሹራንስ አለን ወይስ ጸሎት ብቻ ነው?»

«ጸሎት ብቻ።»

«እንግዲያው ቀስ በል» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተፈናጠጠች።

እስከ ሲግናል በክብር ሄድን። የታክሲውን ሰልፍ ስናልፍ ያ ባለ ገመድ ባቡሩ ጎረቤቴ አንገቱን አዙሮ ሲከተለን አየሁት፤ ኃጢአት መሆኑን ባውቅም ደስ አለኝ። ሲግናል ስንደርስ ቀስ አደረግሁ። የተወለድኩበት ቤት በነበረበት ቦታ ላይ አሁን መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሟል። «በሩ እዚህ ጋ ነበር» አለች አስቴር። «የለም፣ እዚያ ጋ» አልኳት። ሁለታችንም እርግጠኞች አልነበርንም። አለፍን።

የእንጦጦ ሽቅብ ጀመረ። ሞተሯ ታቃስታለች፣ እኔም ፔዳል እየመታሁ አግዛታለሁ። ጉልበቴ መካከል ሙቀቱ ሲጨምር እንጨቱን ያፈላው ጀመር። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን የምንታጠነው ያ ሽታ እንዳለ ተነሳ። «ዳኒ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ከኋላችን ቢከተል ይድን ነበር» አለች አስቴር። ሳቀች። ያ ሳቅ! ያን ሳቅ ከጀርባዬ ስሰማ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ሳቋን ሳትጨርስ ቡሎኖቹ ተንቀጫቀጩ፣ ሞተሯ ዘንበል አለች፣ አስፋልቱ ላይ ዱብ ብላ አንዴ ጮኸችና ጸጥ አለች።

ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ አንዲት አሮጊት ሸክማቸውን ግንብ ላይ አስደግፈው ቆሙ። ጉማጁን ዳሰሱት።

«ይሄ እኮ እርጥብ ነው ልጄ። ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተርና ብረትህን ይለቅብሃል። ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል።»

«እኔ አላወቅኩም እማማ።»

«ሰፈርህ የት ነው?»

«እዚሁ ታች፣ ሲግናል» አልኩ። አባዶ ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«የሲግናል ልጅ ሆነህ!» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወረዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይኸው ነው።

ጫፍ አልደረስንም። ከተማው ቁልቁል እስከሚታይባት አንዲት መታጠፊያ ሞተሯን ኮርቻው ላይ ጭነን ብስክሌቷን እየገፋን ወጣንና ተቀመጥን። ሞተሯ እስክትቀዘቅዝ ብዙ አወራን። ያወራነውን አልነግራችሁም፤ ደረጃ ላይ የማይወራ ነገር ነው። ልንነሳ ስንል አስቴር ነጠላዋን ዘርግታ ሞተሯን ጠቀለለችና አዘለቻት። ነጠላው በዘይት አለቀለት። ከኋላዬ ተቀምጣ ቀበቶዬን በሁለት እጇ ጨመደደች፤ ቁልቁለት ደግሞ ሞተር አይፈልግም። «ኢየሱስ!» አለች። ከዚያ ሳቀች። ዓይኔን ያስለቀሰኝ ነፋሱ ነው ብዬ ነግሬያታለሁ፤ ለእናንተም እንደዚያው ነው የምለው። ግን ቁልቁለቱ አጠረብኝ። ያኔ ረጅም ነበር። ታች ስንደርስ ገና ሳንወርድ ናፈቀኝ።

በማግስቱ ከአምልኮ መልስ ሞተሯን ይዤ ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ሄድኩ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ መንገድ ሙሉ ሳሰላስል ነበር። እሳቸው ግን ሞተሯን ከእጄ ተቀብለው ገለባበጧት፣ አፈሯን ጠረጉላት፣ ገመዷን ሳብ አደረጉ። በሦስተኛው ተነሳች። ኮፍያቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ እንጨቱ እርጥብ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ኤዬ። አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ሞተሯን አጠፉ። «ብነግርህ ታደርቀው ነበር። ብታደርቀው ሞተሯ አትወድቅም፤ ካልወደቀች ደግሞ አትመለስልኝም። ስትለምነኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። ከሰጠሁህ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። እሷ ስትጮህ እኔ ወንዙ ዳር ነኝ፤ ሽንኩርቴ መሐል ነኝ። ሚስትህን እንደምትጭንባት ግን አላወቅኩም። ለሱ ይቅር በለኝ።»

ልቆጣ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ነጭ ሽንኩርታቸው ላይ እየተኛሁ በምን አፌ?

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ቶሎሳ ሞተሯን አስነስተው ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው በርሜል ውሃ ይስባሉ፤ ሲያልቅ መልሰው ይስባሉ። እኔም ወርጄ አጠገባቸው እቆማለሁ። አስቴር ዕረፍት ከሆነች በረንዳ ላይ ሆና ትሰማለች። ሁለቱ ጉማጆች እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ደርቀው ግራጫ ሆነዋል፤ ሳንኳኳቸው እንደ ድንጋይ ይጮሃሉ። አሁን ሞተር መሸከም ይችላሉ። አንስቼ አሽትቻቸዋለሁ፤ ምንም።

ባለፈው ቅዳሜ ኦቦ ቶሎሳ ሞተሯን አጠፉና፣ ፊታቸውን ወደ በርሜሉ እንዳዞሩ «እንጨትህ እስካሁን ሳይደርቅ አልቀረም። ሞተሯን ትወስዳት እንዴ?» አሉኝ። ቀና ብዬ በረንዳዬን አየሁ። እሳቸውም ቀና ብለው አዩ። ጉማጆቹ ከታች ይታያሉ፤ ግራጫነታቸውም ይታያል።

«ገና ነው ኦቦ ቶሎሳ» አልኳቸው። «ገና እርጥብ ናቸው።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት ሲቆርጡ የኖሩት ሰው ጉማጆቹን ትንሽ ተመለከቷቸው።

«ኤዬ» አሉ፤ «ባሕር ዛፍ ቶሎ አይደርቅም።» ገመዷንም ሳቡ።